ግድግዳው ለምን ያለቅሳል?
ስለ ቤት እርጥበትና ስለ ሻጋታ የቀረበ ማብራሪያ

ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ለሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎቶች መሆናቸውን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንማረው ኖረናል፤ ነገ ደግሞ እኛው ለልጆች የምናስተምረው ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ መጠለያ ማለት ጣራና ግድግዳ ብቻ አይደለም። ጣራው ዝናብን፣ ግድግዳው ነፋስን ቢከለክልም እንኳ፣ በቤቱ ውስጥ እርጥበት ከተኛበት መጠለያነቱ ቀርቶ የበሽታ ምንጭ ይሆናል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ የእርጥበትና የሻጋታ ነገር እንመለከታለን።

ርእሱን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ማከማቻው ክፍል ሲከፈት የተቀበለን ሽታ አሁንም ከአፍንጫችን አልጠፋም። ክፍሉ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ነው የከረመው። ከግድግዳው ተጠግተው መሬት ላይ ከተደረደሩት ካርቶኖች ውስጥ የታችኞቹ ሲከፈቱ፣ መጻሕፍቱ ገጻቸው እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ጠርዛቸው ጠቁሮ፣ አንዳንዶቹም ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር አብቅለው ተገኙ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ «ምን ይደረግ፣ ክረምት ነው» አሉን። እኛም ያን ዕለት «እውነት ነው» ብለን ዝም አልን። ኋላ ግን ነገሩን አሰብንበት። ከላይ በነበሩት ካርቶኖች ውስጥ ያሉት መጻሕፍት እኮ ደህና ነበሩ! ክረምቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ የታችኞቹ ብቻ የተበላሹት ለምንድን ነው? እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህች ጥያቄ ናት።

ሀ/ ሻጋታ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ሻጋታን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። ሻጋታ ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ፈንገስ ከሚባሉት ሕያዋን ወገን ነው። እንደ አትክልት አረንጓዴ ቅጠል ኖሮት በፀሐይ ብርሃን ምግቡን አያዘጋጅም። ያረፈበትን ነገር እያበሰበሰ ይመገባል እንጂ። በዓይናችን የምናየው አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ነጭ ዱቄት መሳዩ ክፍል ዘሩን የሚያፈራበት ነው። ዋናው አካሉ ግን እንደ ክር የቀጠነ ሆኖ ባረፈበት ነገር ውስጥ ለውስጥ ይዘረጋል። ስለዚህም ነው የሻገተ እንጀራ ወይም ዳቦ ላዩን ፍቆ መብላት ከጉዳት የማያድነው። የተፋቀው ፍሬው ነው፤ ክሩ ግን ከውስጥ ቀርቷል።

የሻጋታ ዘር ስፖር ይባላል። በጣም ደቃቅ ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ በነፋስ እየተጓዘ በየቤቱ፣ በየልብሱ፣ በየመጽሐፉ ላይ ያርፋል። ይህ ጽሑፍ በተለጠፈበት ግድግዳ ላይም አለ። እንግዲያው ዘሩን ከቤታችን ጨርሶ እናጠፋለን ብንል ከንቱ ድካም ነው።

ዘሩ ለመብቀል ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም ምግብ፣ ተስማሚ ሙቀትና ውኃ ናቸው። ምግቡ ወረቀት፣ እንጨት፣ ቆዳ፣ ጨርቅ፣ ጭድ፣ እህል፣ የቀለም ሙጫ፣ ብቻ ከዕፅዋትና ከእንስሳት የተገኘ ማናቸውም ነገር ሊሆን ይችላል። ያለ እነዚህ መኖር አይቻልም። ለእኛ ኑሮ የሚመቸው ሙቀት ደግሞ ለሻጋታም ይመቸዋል። ታዲያ በእጃችን የቀረው ምንድን ነው? ውኃው ነው! ሻጋታን የመቆጣጠር ጥበብ በሙሉ እርጥበትን በመቆጣጠር ላይ የተመሠረተ ነው። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረቀ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ ለመብቀል ፋታ አያገኝም። ከዚያ ካለፈ ግን ሥራውን ይጀምራል።

በነገራችን ላይ ሻጋታ ሁሉ ጠላት አይደለም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለው ሐኪምና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ ባክቴሪያ በሚያራባበት ሳህን ላይ የበቀለ ሻጋታ በዙሪያው የነበሩትን ባክቴሪያዎች ማጥፋቱን ተመለከተ። ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት የተገኘው ከዚህ ነው። ሆኖም የእኛ ግድግዳ ላይ የበቀለው መድኃኒት ነው ብሎ የሚተወው ሰው አይኖርም ብለን እናምናለን።

ለ/ እርጥበቱ ከየት ይመጣል?

እርጥበት ወደ ቤት የሚገባባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ከላይ፣ ከታችና ከውስጥ።

1ኛ/ ከላይ የሚመጣው፦ ይህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የዝናብ ውኃ ነው። ነገር ግን መጠኑን አስልተን እናውቃለንን? በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ ማለት 1 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ጣራ 20 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ሙሉ በርሜል ውኃ ከዚያች ትንሽ ጣራ ይወርዳል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ታገኛለች። በዚህ ሂሳብ ከዚያችው ጣራ በዓመት ከ22,000 ሊትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ውኃ የሚወድቀው የት ነው? ከግድግዳው እግር ሥር! ሲወድቅም እየተፈናጠረ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል ያርሰዋል። የጭቃ ቤት ምርጊቱ ከታች ጀምሮ የሚላጠው በዚህ ምክንያት ነው።

2ኛ/ ከታች የሚመጣው፦ ውኃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም የሚል ሰው ቢኖር አንድ ጠመኔ ወስዶ ጫፉን በቀለም ውስጥ ያቁም። ቀለሙ ጠመኔውን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ያያል። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ የሚስበውም በዚሁ ሕግ ነው። ጭቃ፣ ጡብ፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ ሳይቀር በውስጣቸው በዓይን የማይታዩ ጠባብ ቀዳዳዎች ስላሏቸው፣ ከእርጥብ መሬት ጋር ከተገናኙ ውኃውን ይስቡታል። ግድግዳው ከወለሉ አንሥቶ እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ ድረስ ጠቁሮ፣ ከላይ ወሰኑ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ካወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውኃው ከመሬት የተሳበ ነው።

3ኛ/ ከውስጥ የሚመጣው፦ ይህኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። አየር በዓይን የማይታይ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይሸከማል። ሞቃት አየር ብዙ ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ አየር ግን ትንሽ ነው የሚሸከመው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። 10 ዲግሪ ሲደርስ ግን ከ9 ግራም ተኩል ብዙም አይበልጥም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር አለው። ማታ በ20 ዲግሪ 340 ግራም ውኃ ቢይዝ ምንም አይታየንም፤ 510 ግራም ድረስ የመያዝ አቅም አለውና። ሌሊቱን ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን አቅሙ ወደ 285 ግራም ይወርዳል። የተረፈው 55 ግራም የት ይሂድ? በቀዘቀዘው ቆርቆሮ፣ በመስታወቱና በግድግዳው ላይ ጠል ሆኖ ያርፋል። «ግድግዳው አለቀሰ»፣ «ቆርቆሮው አላበው» የምንለው ይህንኑ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የተኛ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በላቡ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የሚሞላ ውኃ ወደ አየሩ ይለቃል። አራት ሆነን መስኮት ዘግተን በምናድርበት ክፍል ውስጥ አንድ ሊትር ያህል ውኃ ስንረጭ አደርን ማለት እኮ ነው! በክፍሉ ውስጥ ሻይ ከፈላ፣ ወጥ ከተሠራ፣ የታጠበ ልብስ ከተሰጣ ደግሞ ይጨመራል። ላምባ የሚያቃጥል ምድጃም አለበት፤ አንድ ሊትር ላምባ ሲነድ አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። «ክፍሉን እናሙቅ፣ ይደርቃል» ብለን ላምባ የምናነድ ሰዎች በአንድ እጃችን እያደረቅን በሌላው እናርሳለን።

የሣር ክዳን ቤት ይህ ችግር ብዙም አልነበረበትም። ሣሩ ሙቀትን ስለሚይዝ ሌሊት እንደ ቆርቆሮ ፈጥኖ አይቀዘቅዝም፤ ከመካከል የሚነደው እሳትና ጢሱም ክዳኑን እያደረቀ ከመበስበስ ይጠብቀው ነበር። ጢሱ ለዓይንና ለሳንባ ጠንቅ ስለነበረ ያ ይመለስ አንልም። ነገር ግን ጣራውን ወደ ቆርቆሮ ስንለውጥ የአየር መውጫውን ነገር አብረን ማሰብ ነበረብን።

ሐ/ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?

መድኃኒቱ እንደ ምክንያቱ ስለሚለያይ፣ ብር ከማውጣት በፊት መመርመር ይገባል። ለምርመራውም ፌስታልና ፕላስተር ይበቃል። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን የፌስታል ቁራጭ ወስደን፣ የጠረጠርነውን የግድግዳ ክፍል በጨርቅ አድርቀን፣ ፌስታሉን በላዩ ዘርግተን አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ አድርገን እንለጥፋለን። በነጋታው እንመልከተው። ፌስታሉ ወደ ግድግዳው ባለው ፊቱ ከረጠበ ውኃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ወደ እኛ ባለው ፊቱ ከረጠበ ግን ውኃው ከክፍሉ አየር የመጣ ነው። የመጀመሪያው የአሸንዳና የቦይ ሥራ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ መስኮት መክፈት ይጠይቃል። በሁለቱም ፊት ከረጠበ ሁለቱም ችግሮች አሉ ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ የሚረጥብበትን ጊዜ ማስተዋል ይጠቅማል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚረጥበው ከጣራ ወይም ከውጭ ግድግዳ ነው። ዘነበም አልዘነበም ጧት ጧት የሚረጥበው ከትንፋሻችን ነው። በጋ ከክረምት ከታች የሚረጥበው ደግሞ ከመሬት፣ አለዚያም ከተሰበረ የውኃ ቧንቧ ነው።

መ/ ጉዳቱ ምንድን ነው?

በጤና በኩል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ በበዛበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳልና ለሌሎች የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች፣ ለአስምም ጭምር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። ይበልጥ የሚጎዱትም ሕፃናት፣ አረጋውያንና ቀድሞውኑ አስም ያለባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። ጉዳዩን የመረመረችው የሕግ ባለሥልጣን በ2022 በሰጠችው ውሳኔ፣ ሕፃኑ የሞተው በሚኖርበት ቤት ለነበረው ሻጋታ ለረጅም ጊዜ ከመጋለጥ በመጣ የመተንፈሻ አካላት ሕመም መሆኑን አረጋገጠች። አባትየው ስለ ሻጋታው ቀደም ብሎ አመልክቶ ያገኘው መልስ «ቀለም ቀባው» የሚል ነበር። ይህን ያነሣነው ለማስፈራራት አይደለም። ሻጋታን በቀለም መሸፈን መድኃኒት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ስላላገኘን ነው።

ሆኖም ሳል ሁሉ ከሻጋታ ነው ማለት አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ግድግዳውን እያማ መቀመጥ የለበትም፤ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር አለበት።

በምግብ በኩል ያለው ጉዳት ደግሞ የባሰ ነው። እርጥበቱ ሳይወጣለት በተከማቸ በቆሎ፣ ኦቾሎኒና በርበሬ ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚያጠቃ መርዝ ያመነጫል። መርዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች የተበላሸ የኦቾሎኒ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ በ2004 እ.ኤ.አ. በሻገተ በቆሎ ምክንያት 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ይህ መርዝ በተለመደው ምግብ አበሳሰል አይጠፋም። የሻገተውን ለላም መስጠትም ነገሩን ወደ ወተቱ ማዛወር ነው። ስለዚህ የሻገተ እህል «ይታጠብና ይፈጭ»፣ የሻገተ እንጀራም «ይሰጣና ድርቆሽ ይሁን» አይባልም። ድርቆሽ መሥራት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንጀራው ሳይሻግት ገና ደህና ሳለ ነው መሰጣት ያለበት።

በንብረት በኩል የደረሰውን በመግቢያችን ገልጸናል። መጽሐፍ በስንት ልፋት ከሚደርስበት ትምህርት ቤት አንድ ካርቶን መጽሐፍ ሻገተ ማለት አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ለሦስትና ለአራት አንድ መጽሐፍ ሊሻማ ነው ማለት ነው። እርጥብ እንጨት ምስጥን እንደሚጠራም መርሳት የለብንም።

ሠ/ ምን እናድርግ?

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ብዙ ወጪ ከማይጠይቀው እንጀምር።

1/ ውኃውን ከቤቱ እግር እናርቅ። ጣራው ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ይውጣ፤ አሸንዳ ይሠራለት፤ አሸንዳውም ሰኔ ከመግባቱ በፊት ከቅጠል ይጠረግ። አሸንዳ መግዛት ካልተቻለ ውኃው በሚያርፍበት ላይ ጠጠር ማፍሰስ መፈናጠሩን ይቀንሳል። በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይደልደል፤ በላይኛው በኩል የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈር። ይህ በአካፋና በዶማ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ሥራ ነው።

2/ ከግድግዳው ሥር አፈር፣ ማገዶና ፍግ አይከመር። እርጥበትን አቅፎ ይይዛልና።

3/ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳውን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ያቁም፤ በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ሬንጅ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ቢያነጥፍ ከታች የሚሳበውን ውኃ ይቆርጠዋል።

4/ የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን ያጠነክረዋል የሚል እምነት አለ። ነገር ግን ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር በደንብ አይያያዝም፤ ሲሰነጠቅ ውኃ ያስገባል፤ የገባውን ግን እንዳይደርቅ ያፍነዋል። በጤፍ ጭድ በደንብ ታሽቶ የበሰለ ጭቃ፣ በላዩም ኖራ የተቀባበት ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ኖራው ሻጋታም አይወድለትም።

5/ አየር እናስገባ። ጧት እንደተነሣን በርና መስኮት በሁለት በኩል ከፍተን ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት እናናፍስ። «ብርድ ይገባል» የሚል ወገን አለ። ይገባል፤ ግን ቀዝቃዛው የውጭ አየር የሚሸከመው ውኃ ትንሽ ስለሆነ ሲሞቅ ከክፍሉ እርጥበት ይወስድልናል። ዝናብ በሚወርድበት ሰዓት መክፈቱን ትተን ፋታ ሲሰጥ መክፈት ነው። በጣራና በግድግዳ መጋጠሚያ ላይ ወፍና አይጥ በማያስገባ ወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ ቢኖር ሌሊቱንም እንፋሎቱ መውጫ ያገኛል።

6/ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይኑር። የጆንያ ኮርኒስም ቢሆን በሞቃቱ አየርና በቀዝቃዛው ቆርቆሮ መካከል ስለሚቆም ይጠቅማል። በኮርኒሱና በጣራው መካከል ግን አየር መዘዋወር አለበት።

7/ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና የመጽሐፍ መደርደሪያ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቁ። አየር የማይደርስበት ጥግ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘውም ይረጥባል።

8/ መጻሕፍትና እህል መሬት አይንኩ። አባቶቻችን ይህን ነገር ያውቁት ነበር። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የብራና መጻሕፍት በማኅደር ተከተው በግድግዳ ላይ በእንጨት ተንጠልጥለው ይቀመጡ እንደነበር፣ ጎተራም ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ እንደሚቆም እናውቃለን። እኛ ግን ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጥነው!

እህሉ መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ከትተን፣ ክዳኑን ገጥመን በደንብ ነቅንቀን ጥቂት ደቂቃ እንተወው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነውና ወደ ፀሐይ ይመለስ።

ረ/ የበቀለውን ስናጸዳ

በመጀመሪያ የእርጥበቱ ምንጭ ይወገድ፤ አለዚያ በወሩ ይመለሳል። ሻጋታውን በደረቁ አንጥረገው፣ ዘሩ በክፍሉ ይበተናልና። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ሳሙና በገባበት ውኃ ጨርቅ እያራሱ መጥረግ ነው፤ ከዚያም በደንብ ማድረቅ። በሊሾ ወለል፣ በሴራሚክና በመስታወት ላይ ከሆነ በውኃ የቀጠነ በረኪና መከተል ይቻላል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ግን በረኪና ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ የሻገተውን ምርጊት አርሶ መላጥ፣ ግድግዳውን ማድረቅ፣ እንደገና መምረግና ኖራ መቀባት ይሻላል። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለጓደኛው ይተው። ሻጋታው ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ከሰፋም ጉዳዩን ለኃላፊ ማመልከትና ባለሙያ ማስጠራት ይገባል።

የረጠበ መጽሐፍ ከጠንካራ ፀሐይ ይልቅ ነፋሻ ጥላ ላይ ገጹ ተከፋፍቶ ቆሞ ቢደርቅ ይመረጣል። ከደረቀ በኋላ ሻጋታውን ከቤት ውጭ ለስለስ ባለ ብሩሽ ማራገፍ ነው።

አሁን ደግሞ ሕይወት የሚያጠፉ ሁለት ነገሮች አሉና ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ክፍል ለማድረቅ ወይም ልብስ ለማድረቅ ተብሎ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በእንቅልፍ ላይ ያለውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። «ከሰሉ በደንብ ከቀላ አይጎዳም» የሚባለው ስሕተት ነው። ከእርጥብ ግድግዳ ጋር ማደር ይሻላል፤ ቢያንስ ጧት እንነሣለን!

ሁለተኛ፣ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው። የሚያንቅ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። «ሁለቱ ሲደመሩ ኃይሉ ይበረታል» ብሎ ማሰብ አደጋ ነው።

ዕጣን ማጨስ ደግሞ ሽታውን ይሸፍን ይሆናል እንጂ ግድግዳውን አያደርቀውም።

ሰ/ ወደ ክፍል ስንገባ

እኛ መምህራን ለመሆን የምንዘጋጅ ስለሆንን፣ ያወቅነውን ለተማሪ የምናደርስበትን መንገድም ማሰብ አለብን። ለዚህ ትምህርት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የጠመኔውንና የቀለሙን ሙከራ አሳይተናል። ሌላው የዳቦ ሙከራ ነው። ሦስት የዳቦ ቁራጭ ይዘጋጅ። አንደኛው በፀሐይ በደንብ ይድረቅ፤ ሁለተኛው እንዳለ ይቀመጥ፤ ሦስተኛው ጥቂት ውኃ ይረጭበት። ሦስቱም በየፌስታላቸው ታስረው አንድ ቦታ ይቀመጡ። ተማሪዎች በየቀኑ ያዩትን ይመዝግቡ። በሳምንቱ መጨረሻ «ዘሩ ለሁሉም እኩል ደርሷቸዋል፤ ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ?» ብለን ብንጠይቅ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል። ፌስታሉ ግን ሳይከፈት መጣል አለበት፤ ሊያሸቱት የሚሞክሩ አይጠፉምና።

ምደባችን ወዴት እንደሚሆን አናውቅም። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ከተማ ወይም እንደ ጅማና ጎሬ ዝናብ በሚበዛበት አገር ሊሆን ይችላል። የትም ብንሄድ ግን የሚጠብቀን አንድ የኪራይ ክፍል፣ አንድ መማሪያ ክፍልና አንድ የመጻሕፍት ማከማቻ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። የታችኞቹ መጻሕፍት ብቻ ለምን ተበላሹ? የታችኞቹ ካርቶኖች ከወለሉና ከግድግዳው ተጣብቀው ስለነበር፣ ከመሬት የተሳበው ውኃ በወረቀቱ በኩል አልፎ ገባ፤ ክፍሉም ተዘግቶ ስለከረመ የገባው መውጫ አጣ። የላይኞቹን ያዳናቸው ከመሬት መራቃቸው ብቻ ነበር። ጥፋቱ የክረምቱ አልነበረም ማለት ነው። አራት ድንጋይና ሁለት ጣውላ፣ በሳምንት አንድ ቀንም የሚከፈት መስኮት ቢኖር ኖሮ እነዚያ መጻሕፍት ዛሬ በተማሪዎች እጅ ይሆኑ ነበር። በልምምዱ መጨረሻ ላይ ከኃላፊው ጋር ሆነን ድንጋዩንና ጣውላውን ደልድለን፣ የተረፉትን መጻሕፍት ከግድግዳው አርቀን ደርድረናቸው ተመልሰናል። ሥራው የፈጀብን አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ካነበበ በኋላ ወደ መኝታ ክፍሉ ሲመለስ አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ያድርግና ጀርባውን ይመልከት። ከአልጋው ኋላ ያገኘውን ነገር ጽፎ በዝግጅት ክፍሉ ሣጥን ቢከት፣ በሚቀጥለው እትማችን ደስ ብሎን እናወጣለታለን።

ከዝግጅት ክፍሉ